የቅዳሜ ወባ

ነቀምቴ፣ 1958 ዓ.ም.

መስከረም 20፣ ሐሙስ

ዝናቡ ቀነሰ። የክሊኒኩ ደጅ ግን እንደጨቀየ ነው፤ ዝናብ ሲተው ሰው ያጨቀየዋል። ዛሬ ብቻ ሠላሳ አንድ የወባ ካርድ።

ወባው የነቀምቴ አይደለም። እዚህ ትንኝ ብትመጣም ብርዱን አትችለውም። ሰዉ ነው ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዶ፣ በቆሎውን አይቶ፣ ከብቱን አይቶ፣ በዚያው ወባውን ይዞ የሚመለሰው። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ እኔ መስኮት...

በዚህ መስኮት ስቀመጥ ስድስተኛ ዓመቴ። ድሬሰር ነኝ፤ ጠዋት ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ከዚያ መድኃኒት አድላለሁ። ንግግሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ኪኒን ወስደሃል?» «አልወሰድኩም።» «አራቱን አሁን ዋጥ። ማታ ሁለት። ነገ ሁለት። ከነገ ወዲያ ሁለት።» ላልገባው በኦሮምኛ እደግመዋለሁ። አፉር ሊቅምሲ... አራት ዋጥ። በኦሮምኛዬ ይስቃሉ፣ ኪኒኑን ግን ይውጣሉ።

ጥያቄዋን ያመጣት አቶ ነመራ ነው፣ አዲሱ ጤና መኮንናችን። ዕድሜው ሃያ ስድስት፣ ፊቱ ስድሳ። በመጣ በሳምንቱ ጠርቶኝ «ሌላ ኪኒን መውሰዱን ሳትጠይቅ አንዲት ፍሬ እንዳትሰጥ» አለኝ። መልሱን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። «ሌላ ኪኒን፦ የለም።» ዛሬ ሠላሳ አንዴ ጻፍኳት። ለምን ማኅተም አላስቀርጽላትም?

መስከረም 23፣ እሁድ

ምሳ አማቴ ቤት ተበላ። ማለቴ እነሱ በዚያ ጥግ በሉ፣ እኔ በዚህ ጥግ በላሁ። በሚስቴ ዘመዶች ወግ አማችና አማት ፊት ለፊት ተቀምጠው አይበሉም። በቀጥታም አናወራም። እኔ ለድርቤ እነግራታለሁ፣ ድርቤ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ ለድርቤ ይመልሳሉ፣ ድርቤ ለእኔ። ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን! ድርቤ አንዳንዴ ሲሰለቻት «ሰምተሃል አይደል?» ብላ ዝም ትላለች።

ስማቸውን መጥራትማ ጭራሽ ነውር። ስማቸውን የሚመስለውን ቃል እንኳ። ስማቸው ወርቂቱ ነው (እዚህ ልጻፈው፣ ወረቀት አይሰማም)፤ ስለዚህ ወርቅ ማለት አልችልም። አምና የአንዲት ሴት የጆሮ ጌጥ ክሊኒኩ ውስጥ ጠፍቶ «ያ ቢጫው ነገር፣ ያ ቢጫው ነገር» እያልኩ ወለሉን ስዳብስ የገባቸው ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እሳቸው ደግሞ እኔን አንቱ እያሉ «ሶዳ» ይሉኛል። በኦሮምኛ አማች ማለት ነው። የሸዋ ልጅ ምን አውቄ! ያገባሁ ሰሞን «ሶዳ» ባሉኝ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ፣ አልጠማኝም» እል ነበር።

የቀረው ሰው ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፣ እናት እንደ ማለት። አዮ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው። ብስኩቱ ድሮ አልቋል፤ አሁን ያለው መድኃኒት ነው። በሽተኛዬ ሁሉ ሦስት ቀን ዋጥ ስለው ትኩሳቱ በማግስቱ ሲለቀው ያቆማል፤ መድኃኒት መጣል ደግሞ ነውር ነው፤ የተረፈውን ጠቅልሎ ለአዮ ያመጣል። አዮ ራሱን ይዞ የመጣ ሰው ሲያዩ ቆርቆሮውን ያወጣሉ። ነጭ ነጩን መርጠው አራት ፍሬ፣ አንድ ኩባያ አሬራ፣ ረጅም ምርቃት። ከዚያ ጉሮሮው ላይ ሲወርድ እስኪያዩ ከፊቱ አይነሱም። እንቢ የሚል ሰው አላየሁም። የእሳቸውን እጅ ማን ይመልሳል?

አራት ማለትን ከማን ተማሩ? ከእኔው መስኮት ነዋ። «የነቀምቴ ሁለተኛ ክሊኒክ፣ ሐኪሟ ደመወዝ የማትበላ» እያልኩ ድርቤን አናድዳታለሁ።

መስከረም 29፣ ቅዳሜ

የገበያ ቀን። ሰልፉ እስከ በሩ።

ኮርቻ ሠሪው ጉሉማ መጣ። ዴዴሳ ማዶ ኮርቻ ሊሸጥ ወርዶ ሰንብቶ ነበር። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ላቡ በጋቢው ላይ እየወረደ፣ አፉ ግን ጤነኛ። «ሽብሩ፣ ለድርቤ የሚሆን ኮርቻ ጀምሬያለሁ። የመጣሁት ወገብህን ልለካ ነው።» ሰልፈኛው ሁሉ አሽካካ። አንዷማ ቀርባ ወገቤን አየችው።

«ኪኒን ወስደሃል?» «ኧረ እኔ! አንዲትም።» አራቱን ሰጠሁት። በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠና ፊቱን አጨማዶ «እንደ ባለቤቱ መራራ ነው» ብሎ ሄደ። ከበሽተኛ ጋር እንዲህ ስቄ አላውቅም።

መስከረም 30፣ እሁድ

ጉሉማ ሞተ።

ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ «ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አለ አሉ። ሚስቱ በቀለች ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል ወደቀ። አለቀ። ጠዋት በእግሩ የመጣ ሰው... ሲቀልድ የነበረ ሰው...

ሰዉ «ወባዋ ልቡ ገባች» ይላል። እኔም ሌላ የምለው የለኝ። ቢሮ ሄጄ መዝገቡን ከፈትኩ። ሌላ ኪኒን፦ የለም። የሞት ምክንያት፦ ወባ።

ጥቅምት 2፣ ማክሰኞ

ወገቤን ሳይለካ ሄደ። እንዲህ ብዬ ልስቅ አሰብኩና አቃተኝ።

ጥቅምት 14፣ እሁድ

ሌላ ሞት። ከሲሬ የመጣ በርበሬ ነጋዴ፣ ዋቅወያ የሚባል። ትናንት ጠዋት ከእኔ አራት ወስዶ፣ በርበሬውን ሸጦ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ተቀምጦበት የነበረው ወንበር ላይ እንዳለ አለፈ። ረዳቱ ያንቀላፋ መስሎት ሲሬ ድረስ ወስዶታል።

የወባው ክፋት ዘንድሮ ጨመረ? አቶ ነመራን ጠየቅሁት። «መረጃ እስኪሰበሰብ ምንም አይባልም» አለኝ። ይሄ ልጅ ሲወለድም «መረጃ» ብሎ ሳይሆን አይቀርም የወጣው።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

መረጃውን ሰብስብ የተባልኩት እኔው ሆንኩ። ምን አስቀበጠኝ?

የሦስት ወር ሪፖርት። ቁጭ ብዬ ከመዝገቡ የሞቱትን ገለበጥኩ። በወባ ሞቱ ያልናቸው ሦስት ናቸው። አንድ ሸማኔ፣ መስከረም 15። ጉሉማ፣ መስከረም 29። ዋቅወያ፣ ጥቅምት 13። ቀኖቹን ዝቅ ብዬ ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየሁ። ቅዳሜ። ቅዳሜ። ቅዳሜ።

ሄጄ ለአቶ ነመራ «ወባም እንደ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መውጣት ጀመረች» አልኩት። ቀልዴ መሆኑ ነበር። አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ። «በቃሬዛ ከመጡትስ ስንት ሞተ?» አለኝ። ቆጠርኩ። አንድም። ሰው ተሸክሞ፣ ዓይናቸው ተገልብጦ ያመጣቸው አሥራ አራት ሰዎች ሁሉም ድነዋል። የሞቱት ሦስቱ በእግራቸው የመጡ ናቸው። ሊገበያዩም ሊቀልዱም አቅም የነበራቸው።

«ወባ ቀን አትቆጥርም፣ አቶ ሽብሩ» አለ። «ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።»

እንቅልፍ አጥቼ እንዳልቀር ፈራሁ። ቅዳሜ ምን አለ? ገበያ። ገበያ ምን አለ? ሁሉም ነገር...

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ

ድርቤ የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና፣ እኔ ሸሚዜ ቁልፍ እስኪተከልለት ቆሜ። የቅዳሜውን ነገር ነገርኳት።

«ጉሉማ የዚያን ቀን እናቴ ቤት ነበር» አለች መርፌዋን ሳታቆም።

«መቼ?»

«ከአንተ ወጥቶ። ለሰላምታ ገባ። እናቴም ሰጠችው።»

«ምን ሰጡት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ትሰጣለች? አራት።»

አራት ከእኔ፣ አራት ከአዮ። ስምንት። ሮጬ ክሊኒክ ተመለስኩ፣ ሸሚዜ ቁልፍ የለውም። አቶ ነመራ ወፍራሙን መጽሐፉን ገለጠ። ስምንት በአንድ ቀን ብዙ ነው፣ ያሳምማል፣ ጎልማሳ ሰው ግን ሊተርፍ ይችላል አለ። አሥራ ሁለት ከሆነ ልብ ያቆማል። ምልክቱን አነበበልኝ። ጆሮ ይጮሃል። ዓይን ይጨልማል። ድንገት መውደቅ።

የጉሉማ ነው። ቃል በቃል የጉሉማ።

ግን ሦስተኛው አራት ከየት መጣ? ደግሞስ ጠይቄው የለም? አንዲትም አልወሰድኩም ብሎኝ የለም? ጉሉማ ቀልደኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም... አልነበረም።

ድርቤ ማታ አንድ ነገር ጨመረችልኝ። እናቷ ዛሬ ልጃቸውን ጠይቀው ከዴዴሳ ተመልሰዋል። ትንሽ በረደኝ ብለዋል።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ለሰው ብናገር ፈጠርክ እባላለሁ።

ጆቴ የሚባሉ የጉቶ ጊዳ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ። ትኩሳት፣ ብርድ፣ ሁሉም። «ኪኒን ወስደዋል?» «ወስጄ አላውቅም፣ ልጄ!» ሲሉ አፋቸው ውስጥ የሆነ ነገር ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ተገላበጠ።

«አባቴ፣ አፍዎ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«ከረሜላ ነው።»

«እስቲ አንዴ ያውጡልኝ።»

መዳፋቸው ላይ ተፉልኝ። ግማሹ ሟሟ፣ ቀዩ ስኳር ለቅቆ ነጭ ሆኗል። ቀመስኩት። አዎ፣ ከሽማግሌ አፍ የወጣውን ቀመስኩት፤ ለሥራ ነው። ምሬቱ እስከ ጆሮዬ ዘለቀ። የእኔው ኪኒን ነው፤ ስኳር ተቀብቶ ነው እንጂ።

«ከየት አመጡት?» «ከወሰኔ ሱቅ። ለራስ ምታት ከረሜላ አለ፣ አራት አራት ነው የሚሸጠው።» «ስንት ወሰዱ?» «ሦስቱን ውጫለሁ፣ ይቺ አራተኛዋ ናት።» «ታዲያ ኪኒን ወስደዋል ስልዎ ለምን አልወሰድኩም አሉኝ?»

ተገረሙብኝ። «ኪኒንማ አልወሰድኩም። ኪኒን የመንግሥት ነው፣ እዚህ ነው ያለው። እኔ የበላሁት ከረሜላ ነው።»

መልሱን እያወቅሁ ጠየቅኳቸው። የአዮስ? «እሱ ቆሪቻ አዮ ነው» አሉ። የአዮ መድኃኒት። እሱም ኪኒን አይደለም!

ወሰኔ ሱቅ ሄድኩ። የጎጃም ሰው ነው፣ ሲደነግጥ ይምላል። «በሥላሴ፣ መራራውን ሰው አልገዛ ሲለኝ ነው ባለስኳሩን ያስመጣሁት!» ብልቃጡን አዞርኩት። ላዩ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ስም የእኛ ማሰሮ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። እሱ ፊደሉን አያውቀውም፤ እኔ የማውቀውም አንድ ቀን ገብቼ አላየሁትም። «አትሽጥ» ብለው «የከፈልኩበትንስ?» አለኝ።

እስከ ዛሬ የተሳሳተ ጥያቄ ስጠይቅ ኖርኩ። እነሱ እውነቱን ነው የመለሱት። ጉሉማም እውነቱን ነው የመለሰው።

ከነገ ጀምሮ አዲስ ጥያቄ። «ከጠዋት ጀምሮ አፍህ ውስጥ ምን ምን ገባ?» አቶ ነመራ አጸደቀው። «ሳይንሳዊ አይደለም፣ ግን ይሠራል» አለ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ይሄ ትልቅ ምርቃት ነው።

ጥቅምት 19፣ ዓርብ

ለአዮ መንገር አለብኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቆርቆሮው እንደገና ይከፈታል።

ግን ምን ብዬ? ለጉሉማ ያን ያህል አልቅሰዋል... ሦስት ቀን ለቀስተኛውን ሲያስተናግዱ የዋሉ ሴትዮ። «የእርስዎ አራት ፍሬ አለችበት» ይባላል? ድርቤ ንገሪልኝ አልኳት። «እኔ እናቴን ሰው ገድለሻል አልላትም። ያንተ አፍ የት ሄደ?» አለችኝ። አፌ እኮ ነው የታሰረው! በቀጥታ እንዳላወራቸው ያሰረኝ የእናንተ ወግ አይደል?

ሰበብ ነው። አውቃለሁ። ወግ ባይኖርም ፈርቼ ነበር።

እሳቸው ደግሞ ዛሬ ተኝተዋል። የዴዴሳው ብርድ ወባ ሆኖ ወጣ። ነገ በማለዳ አራት ፍሬ በድርቤ እልካለሁ። ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ። ሲሻላቸው...

ጥቅምት 21፣ እሁድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት ድርቤ አራቱን አስዋጠቻቸው። ቆርቆሮውን ደብቂው አልኳት፤ አልጋ ሥር ገፋችው። መቼም የእሷ መደበቅ! ከዚያ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጣች። እኔ መስኮቴ ላይ ነኝ፣ ሰዉን ሁሉ አፍህ ውስጥ ምን ገባ እያልኩ። ሁለት ባለ ከረሜላ ያዝኩ፣ ኮርቼ ሞቻለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ስወጣ በእሳቸው በኩል አለፍኩ። ጠያቂ ሞልቷል። አዮ ታመሙ ሲባል ማን ይቀራል? በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። በርጩማው ላይ የወሰኔ ሱቅ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ባዶ። ጠያቂዎቹ ከረሜላ ይዘው መጥተው አጉርሰዋቸዋል። አዮ ደግሞ ትራሳቸውን ተደግፈው፣ ቆርቆሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነጭ ነጩን መርጠው አራት ፍሬ መዳፋቸው ላይ ይዘዋል። ጎረቤታቸው አሬራውን አቅርባለች።

የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ነበር? ድርቤን በዓይኔ መፈለግ! «ለእናትሽ ንገሪያቸው» ልል። ድርቤ የለችም። ጎረቤቲቱን ልጠራ፣ ስሟ ጠፋኝ። እጃቸው ወደ አፋቸው ተነሳ።

«ወርቂቱ!»

ጮኼ ነው። አጥር ውጪ ተሰምቷል አሉ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አዮ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀሩ፣ ኪኒኖቹ ከመዳፋቸው ተበተኑ።

ነውሩን አንዴ ከጀመርኩት አይቀር ጨረስኩት። ገብቼ እጃቸውን ያዝኩ፣ የጨው ውሃ አጠጣኋቸው፣ እንቢ ሲሉ ጣቴን አማቴ ጉሮሮ ውስጥ ከተትኩ። ነከሱኝ። ደግ አደረጉ። ወጣላቸው። አቶ ነመራ ጫማውን በእጁ ይዞ በጭቃው እየሮጠ መጣ፤ ያ ሁሉ ቁም ነገረኛ በባዶ እግሩ! እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጃቸውን ይዞ ልባቸውን ቆጠረ። ጆሯቸው ይጮህባቸው ነበር፤ «የሚጮኸው ሶዳ ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ስምንት ነበር ቀድመው የዋጡት። አራቱ የእኔ፣ አራቱ የወሰኔ። እነዚያ የተበተኑት ቢጨመሩ...

ዳኑ። ውጪ ወጥቼ ከጓሮ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አማቴን እንዲህ እንደምወዳቸው አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ክሱ፦ ሽብሩ የአማቱን ስም በሰው ፊት ጠርቷል። እርጥብ ሣር ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ለስድስት ዓመት ጥንቃቄዬ ማንም አላመሰገነኝ፣ ለአንድ ቀን ስህተቴ ግን ሦስት ሽማግሌ!

ገና ሣሩን ስይዝ አዮ ከጓዳ ተናገሩ። «ሶዳ ጠሩኝ፣ እኔም አቤት አልኩ። ባይጠሩኝ ኖሮ አሁን የምትቀመጡት ለቀብሬ ነበር። ይልቅ ምሳችሁን ብሉ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በሉ። እኔም ሣሩን ምን ላድርገው፣ በግቢው ላለችው ላም ሰጠኋት።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አዮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። አለፍ ልል ስል ጠሩኝ። ድርቤ ከጎናቸው አለች፤ ወደ እሷ አላዩም። ወደ እኔ ነው ያዩት።

«ሶዳ፣ በአፌ ልጠይቅዎ። እኔን ስምንቱ እንዲህ ካደረገኝ... ጉሉማ ስንት ነበር የዋጠው?»

ተኝተው ሲያስቡት ከርመዋል ማለት ነው። እኔ እንዴት እንደምነግራቸው ስጨነቅ እሳቸው ራሳቸው ደርሰውበታል።

«እኔ አራት ሰጠሁት» አልኩ።

«እኔም አራት ሰጠሁት።»

«አዎ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ድርቤ ማልቀስ ጀመረች። «አራት ይዋጣል ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እርስዎ ከእኔ ነው የተማሩት። ቆርቆሮውንም አውቅ ነበር። ስቄበታለሁ።»

«ሁለታችንም ነን» አሉ። ከዚያ «በቀለችስ? ታውቃለች?» አሉኝ።

አታውቅም። ማን ይንገራት?

«እኔ እሄዳለሁ። እርስዎም ይከተሉኛል።»

ጥቅምት 27፣ ቅዳሜ

ጠዋት መስኮቴ ላይ አርባ ሁለት ሰው። አፍህ ውስጥ ምን ገባ የሚለው ጥያቄዬ ገበያው ውስጥ መቀለጃ ሆኗል፤ አንዱ «ጥርሴ» አለኝ፣ አንዷ «የባሌ ስድብ» አለችኝ። ይቀልዱ። አምስት ሰው ከረሜላ ውጦ አግኝቼ አስቀረሁ። ወሰኔ ቀዩን ብልቃጥ ራሱ ተሸክሞ አመጣልኝ፣ አዮም ቆርቆሯቸውን ልከዋል። አቶ ነመራ የሸማኔውንና የዋቅወያንም ቤተሰብ አስጠይቆ፣ የሦስቱን ሟቾች ገጽ አውጥቶ «ወባ» የሚለውን በእጄ እንድሰርዝና እውነቱን እንድጽፍ አደረገኝ። ከሥሩ እሱም ፈረመ። አልተሳሳትንም ብሎ ሊከራከር ይችል ነበር።

ከሰዓት ከአዮ ጋር ወደ በቀለች ሄድን። ጎን ለጎን፣ እያወራን። ሰው ዞር እያለ ያየናል። ገና አልጠነከሩም፤ ጭቃው ጋ ሲደርሱ ክንዴን ያዙ። ምን እንደሚሉ ሲለማመዱ ሰማኋቸው።

በቀለች ቆዳ እየጠቀለለች አገኘናት፣ የጉሉማን ያለቀና ያላለቀ ሥራ። ተቀመጥን። አዮ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። «ልጄ፣ ባልሽን የገደለው ወባ ብቻ አይደለም» አሉ። የእኔን አራት፣ የራሳቸውን አራት ነገሯት። መድኃኒቱ አንድ ዓይነት እንደነበረ፣ ሲደራረብ ልብ እንደሚያቆም። ይቅርታ ብለው ሊነሱና ሊጎነበሱ ሲሉ ያዝኳቸው።

በቀለች አላለቀሰችም። አልጮኸችም። እኛን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ልታባርረን ዱላ የምታመጣ መሰለኝ፤ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጣችው ግን አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ ነው። የወሰኔ ሱቅ ወረቀት።

«ጠዋት ነው የሰጠሁት» አለች። «ወደ ክሊኒክ ሳይመጣ። ከረሜላ ነው፣ ብርዱን ያስታግስልሃል ብዬ። አራቱንም በእጄ አጎረስኩት። ከዚያ ማታ ሲወድቅ...» ወረቀቱን ደጋግማ አጣጠፈችው። «ለሰው አሳይቼው አላውቅም። ላቃጥለው እላለሁ፣ አልችልም።»

አዮ አቅፈው ሳቧት። ያኔ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ አዮም።

«ጠግቤያለሁ ማለት አይችልም ነበር» አለች ኋላ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሁላችንንም ላለማስቀየም ነው የዋጠው።»

ከዚያ ደግሞ ቀስ ብላ «አራት ሳምንት ሙሉ እኔ ብቻዬን የገደልኩት መስሎኝ» አለች።

ሊመሽ ሲል ልንነሳ ብንል «ትንሽ ቆዩ» አለችን። ቆየን።